የብረት በር ዋጋ አጠያየቅ

በልክ የሚሠራ የብረት ሥራ ዋጋ ተለጥፎበት ሱቅ ውስጥ አይገኝም። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ የሚሠሩት ከታዘዙ በኋላ ነው፤ ዋጋቸው የሚነገረው ግን ከመሠራታቸው በፊት ነው። ዋጋ የሚሰጠው ባለሙያ ገና ስላልተቆረጠ ብረት፣ ገና ስላልተገዛ ቀለም፣ ገና ስላልጠፋ መብራት ይናገራል። ከተሳሳተ ስህተቱን ከኪሱ ይከፍላል፤ ወይም ደንበኛው እንዲከፍልለት ያግባባል።

በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ባሉት ብየዳ ቤቶች የተለመደው ጥያቄ አጭር ነው፤ «የግቢ በር በስንት ትሠራላችሁ?» መልሱ ከጥያቄውም ያጥራል፤ «አንጣላም!» ይህ መልስ በፍጥነት ረገድ ወደር የለውም። ሜትሮ መዘርጋት፣ ካልኩሌተር መንካት፣ ብረት ሻጭ ጋ መደወል አይጠይቅም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ሰዎቹ ይጣላሉ።

ፈጣን ዋጋና ትክክለኛ ዋጋ አብረው የማይኖሩ ይመስላል። የቸኮለ ይሳሳታል፣ የተጠነቀቀ ይዘገያል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ዋጋን የሚያዘገየውም የሚያሳስተውም ያው አንድ ነገር ነው፤ ሳይነገር የቀረው። ሙሉ ጥያቄ ይዞ የሄደ ደንበኛ ዋጋውን በዚያው ቀን ይሰማል። ግማሽ ጥያቄ ይዞ የሄደ ቀጠሮ ተቀብሎ ይመለሳል፤ በቀጠሮው ቀን የሚሰማውም ዋጋ የግማሽ ጥያቄ ዋጋ ነው።

ዋጋ በሦስት መንገድ ይሰላል፤ በካሬ፣ በሜትርና በኪሎ። በርና መስኮት፣ በተለይ ከኤል ቲ ዜድ ፕሮፋይል የሚሠራው፣ ስፋቱ በቁመቱ ተባዝቶ በካሬ ይተመናል። የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ በሜትር ይቆጠራል። የጣሪያ ትራስ፣ ምሰሶና ሌላው ከባድ ሥራ በኪሎ ይመዘናል። ከሦስቱ ደንበኛው የሚወደው ካሬን ነው፤ ማባዛት የሚችል ሁሉ ሒሳቡን ቤቱ ተቀምጦ ይሠራዋል።

ካሬ ለአፍ የቀለለ፣ ለሒሳብ ግን ተንኮለኛ ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የሳሎን መስኮት 4 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 8 ሜትር ፍሬም ይወስዳል፤ ለአንድ ካሬ 2 ሜትር ይደርሰዋል። 50 ሳንቲሜትር በ50 ሳንቲሜትር የሆነችው የመጸዳጃ ቤት መስኮት ሩብ ካሬ ብትሆንም ዙሪያዋ 2 ሜትር ነው፤ በካሬ ሲታሰብ 8 ሜትር ማለት ነው። ማዕዘኖቿም እንደ ሳሎኑ አራት ናቸው፤ አራቱም ይቆረጣሉ፣ ይበየዳሉ፣ ይሞረዳሉ። ሁሉንም በአንድ የካሬ ዋጋ የሚሠራ ቤት ሳሎን ላይ አትርፎ መጸዳጃ ቤት ላይ ይከስራል። ደንበኛው የሳሎኑን ለአንዱ፣ የመጸዳጃ ቤቶቹን ለሌላው ካከፋፈለ ደግሞ ሁለተኛው ብየዳ ቤት ብዙም ሳይቆይ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ስለዚህ ትንንሹን ነገር በካሬ ማስላት ትቶ በፍሬ መተመን ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ደንበኛው ይዞት የሚመጣው መረጃ ባብዛኛው ቅጽል ነው፤ «ወፈር ያለ ብረት»፣ «ጠንከር ያለ ማጠፊያ»፣ «ደስ የሚል ቀለም»፣ «ሰው ቆሞ ወደ ውስጥ የማያይበት ቁመት»። ቅጽል አይቆረጥም፣ አይመዘንም። የላሜራ ውፍረት በሚሊሜትር ይጠራል፤ 1፣ 1.2፣ 1.5፣ 2 እያለ ይሄዳል። «ወፈር ያለ» የሚባል ላሜራ ግን በየትኛውም ሻጭ ዘንድ የለም። ሰው የማያይበት ቁመትም እንደ ሰውየው ነው፤ ደንበኛው 1.60፣ ጎረቤቱ 1.90 ሜትር ከሆኑ ዋጋው የሚሰላው በጎረቤቱ ነው።

ከቅጽል ቀጥሎ የሚመጣው በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ነው። ፎቶው ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ቪላ ነው፤ በሩ በሲ ኤን ሲ ማሽን የተቆረጠ ቅጠልና ሐረግ ሞልቶበታል፤ ከፊቱ ውድ መኪና ቆሟል። ከሥሩ «ይሄ ስንት ይሆናል?» ተብሎ ተጽፏል። መኪናውን ይጨምር አይጨምር አልተገለጸም። ፎቶ ቅርጽን ይናገራል እንጂ ውፍረትን አይናገርም፤ የበሩን ጀርባ አያሳይም፤ ክንፉ ይንሸራተት ወይም ይከፈት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይለይም። በእጅ የተሣለ፣ መስመሩ የተጣመመ፣ ነገር ግን በየጎኑ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከአሥር ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ዋጋ ያፈጥናል። ፎቶው ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዞ ሲቀርብ ግን ይጠቅማል።

የተሟላ ጥያቄ የሚከተሉትን ይይዛል፤ ስፋትና ቁመት በሳንቲሜትር፤ የላሜራውና የቱቦላሬው ውፍረት በሚሊሜትር፤ የክንፎቹ ብዛትና የሰው መግቢያ ያለበት ክንፍ፤ አከፋፈቱ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ፤ ቁልፉን ማን እንደሚገዛ፤ አንቲረስት ብቻ ይቀባ ወይስ የመጨረሻው ቀለምም ይጨመር፤ ማን እንደሚያጓጉዝና ማን እንደሚተክል፤ በመጨረሻም ሥራው መቼ እንደሚፈለግ። ለዚህ ለመጨረሻው የተለመደው መልስ «ለበዓል ይድረስልኝ» ነው። የትኛው በዓል፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አብሮ መጻፍ ይገባል።

ልኬት የሚወሰደው ከቦታው ነው። ፕላን ላይ 3.50 ሜትር የተባለ የበር ክፍተት ከግንበኛው እጅ ሲወጣ 3.46 ወይም 3.53 ሊሆን ይችላል፤ ላዩና ታቹም አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስፋቱ ታች፣ መሐልና ላይ፣ ቁመቱም ግራ፣ መሐልና ቀኝ ይለካል፤ የሚያዘው ትንሹ ነው። ከዚያ ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ከማዕዘን ማዕዘን ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ክፍተቱ ተንጋዷል። በስኳድራ የተሠራ ቀጥ ያለ በር በተንጋደደ ግድግዳ ላይ ሲተከል የሚታየው ክፍተት በያጁን ያስወቅሳል፤ ግንበኛው በዚያን ጊዜ ሌላ ሰፈር ነው።

ሜትሮው ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ግድግዳው ተለስኗል ወይ? ወለሉ ተነጥፏል ወይ? ልስን በየጎኑ 2 ሳንቲሜትር ቢይዝ ክፍተቱ በ4 ሳንቲሜትር ይጠባል፤ ከልስን በፊት በልኩ የተሠራ በር ከልስን በኋላ አይገባም። ወለሉም ሴራሚክ ከነማጣበቂያው ሲነጠፍበት ከፍ ይላል። ይህን ያላሰበ በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አዲሱን ሴራሚክ እየፋቀ ሩብ ክብ ይሥልበታል።

ልኬቱ ከተያዘ ሒሳቡ እንደሚፈራው አይደለም። የብረት ክብደት በሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ስለሆነ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 1.5 ሚሊሜትሩ 11.8 ኪሎ ያህል፣ ባለ 2 ሚሊሜትሩ 15.7 ኪሎ ይሆናል። ስፋቱ 3.50፣ ቁመቱ 2.50 ሜትር የሆነ፣ እኩል ሁለት ክንፍ ያለው የግቢ በር 8.75 ካሬ ነው፤ በ1.5 ላሜራ ሲለበስ ላሜራው ብቻ 103 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይጨርሳል። ብረት ሻጩ ግን ላሜራ በጎደሎ አይሸጥም። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነው ላሜራ ቢወሰድ፣ ለእያንዳንዱ ክንፍ 1.75 በ1 ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮችና 1.75 በ0.50 የሆነ አንድ ቁራጭ ያስፈልጋሉ። አራቱ ትላልቅ ቁራጮች አራት ላሜራ ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ትናንሾች ከአምስተኛው ይወጣሉ። በድምሩ አምስት ላሜራ፣ 118 ኪሎ ያህል ይገዛል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 15 ኪሎው በሩ ላይ አይወጣም፤ ዋጋው ግን ከበሩ ጋር ይከፈላል።

ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ደንበኛው ደውሎ «እስቲ ትንሽ ከፍ ይበል፤ 10 ሳንቲሜትር ምን አላት!» ሲል ትርጉሙ በዚህ ስሌት ይታያል። ላይኛው ቁራጭ ከ0.50 ወደ 0.60 ያድጋል። 1 ሜትር ስፋት ካለው ላሜራ 0.60 ሁለት ጊዜ አይወጣም፤ በሩ ሳይቀጣጠል የሚለበስ ከሆነ ስድስተኛ ላሜራ ይገዛል። 10 ሳንቲሜትሯ የበሩን ካሬ በ4 በመቶ፣ የላሜራውን ግዥ በ20 በመቶ ትጨምራለች። ለዚህ ነው ልምድ ያለው በያጅ ቁመት ከመወሰኑ በፊት የላሜራውን መጠን የሚያስበው፤ ለደንበኛውም «2.50 ላይ ይቁም፤ አንድ ላሜራ ያድንልሃል» የሚለው።

ቱቦላሬና አንጎላሬ የሚሸጡት በ6 ሜትር ዘንግ ነው። 2.50 ሜትር የሆነ ቋሚ ከአንድ ዘንግ ሁለት ይወጣል፤ 1 ሜትር ይተርፋል። ቋሚው 2 ሜትር ቢሆን ሦስት መውጣት ነበረበት፤ የመቁረጫው ዲስክ ግን በእያንዳንዱ ቁርጥ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይበላል፤ ሦስተኛው ቋሚ ሁለቱ ቁርጦች በበሉት መጠን ያጥራል። በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ 2 ሜትር 6 ሜትር ነው፤ ብየዳ ቤት ውስጥ ዲስኩም ድርሻውን ይወስዳል።

ውፍረት ማንም ሳያይ ዋጋ የሚለወጥበት ቦታ ነው። 40 በ40 ሚሊሜትር የሆነ ባለ 1.5 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ዘንጉ 10.9 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ባለ 1.2 ሚሊሜትሩ 8.8 ኪሎ ያህል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ አንቲረስት ከተቀቡ በኋላማ የበየዳቸውም አይለያቸውም። ከሦስት ብየዳ ቤት ጠይቆ ዝቅተኛውን ዋጋ የመረጠ ሰው ርኅሩኅ ባለሙያ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ቀጭን ብረት ሊሆን ይችላል። የተቆረጠውን ጫፍ በካሊፐር መለካት ወይም አንድ ዘንግ ሚዛን ላይ ማውጣት ክርክሩን በአንድ ደቂቃ ይዘጋዋል።

ብረቱ ከታወቀ በኋላ ሌላው ወጪ ይከተላል፤ ኤሌክትሮድ፣ የመቁረጫና የመሞረጃ ዲስክ፣ አንቲረስት፣ ቀለምና ቲነር፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ የእጅ ዋጋ፣ የመኪና ኪራይ። መብራት ሲጠፋ ብየዳ ይቆማል፤ ጄኔሬተር ያለው ነዳጁን ያሰላል፣ የሌለው ቀኑን ይጨምራል። ከሁሉ የሚረሳው ማውረጃ ነው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ የሚጠይቀው በካሬም በኪሎም አይሰላም፤ በሩ መኪናው ላይ፣ መኪናው መንገዱ መሐል፣ የኋላው ሹፌር እጅ ክላክሱ ላይ ሆኖ የሚቆረጥ ዋጋ ነው። ቀድሞ ያልተነጋገሩበት ከሆነ ድርድሩ የሚካሄደው በክላክስ ታጅቦ ነው።

የዋጋ መዘግየት ሁሉ የደንበኛው ጥፋት አይደለም። በብዙ ብየዳ ቤት ዋጋ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አለቃው ነው። አለቃው ብረት ሊገዛ ወጥቷል፣ ልኬት ሊወስድ ሄዷል፣ ለቅሶ ላይ ነው። ሠራተኞቹ መቁረጥ፣ መበየድ፣ መቀባት ይችላሉ፤ ዋጋ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው «ጋሼ ይምጣ» ነው። ጋሼ እስኪመጣ ደንበኛው ማዶ ወዳለው ብየዳ ቤት ይሻገራል፤ የማዶውም ጋሼ ለቅሶ ላይ ነው፤ አንድ ዕድር ናቸውና።

መፍትሔው ዋጋውን ከጋሼ ራስ ወደ ደብተር ማውረድ ነው። ደብተሩ ሦስት ሠንጠረዥ ይበቃዋል። የመጀመሪያው የየብረቱን ክብደት ይይዛል፤ አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም። ሁለተኛው የዕለቱን የብረት ዋጋ ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ለሻጭ ተደውሎ ይታደሳል። ሦስተኛው ቀደም ሲል የተሠሩ ሥራዎች ስንት የሰው ቀን፣ ስንት ፓኬት ኤሌክትሮድ፣ ስንት ጋሎን ቀለም እንደፈጁ ይመዘግባል። እነዚህ በደብተር ወይም በስልክ ላይ ኤክሴል ውስጥ ካሉ፣ ማባዛት የሚችል ሠራተኛ ጋሼን ከለቅሶ ሳይጠራ ዋጋ ያወጣል። ጋሼ የሚያክለው ትርፉን ብቻ ነው፤ ይህንንም በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊናገረው ይችላል።

ዋጋን በሁለት እርከን መስጠትም ጊዜ ያተርፋል። ገና ቤቱን ሊሠራ ለሚያስብ፣ ገንዘቡ ይበቃ እንደሆነ ብቻ ለሚጠይቅ ሰው የካሬ ግምት በቂ ነው፤ ግምት መሆኑ ግን ይነገረዋል። ቦታው ተለክቶ የሚሰጠው ሁለተኛው ዋጋ ነው የሚያስተሳስረው። ጠቡ የሚመጣው የመጀመሪያው ዋጋ በሁለተኛው ቦታ ሲገባ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ከሁለት ዋጋ ትንሹን የማስታወስ ልዩ ችሎታ አለው።

ድርድርም ዋጋን ያዛባል። ደንበኛው «ቀንስ» እንደሚል የሚያውቅ ባለሙያ የሚቀነሰውን አስቀድሞ ይጨምራል፤ መጨመሩን የሚያውቅ ደንበኛ ግማሹን ይጠራል። ሁለቱም ትክክለኛውን ዋጋ ሳይናገሩት ዙሪያውን ሲዞሩ ሻይ ይቀዘቅዛል። ዋጋው በየዝርዝሩ ተከፋፍሎ ሲቀርብ ድርድሩ መልክ ይይዛል። ደንበኛው «ቀንስ» ሲል ምን እንደሚቀነስ ይጠየቃል፤ ላሜራው ከ1.5 ወደ 1.2 ይውረድ? የመጨረሻው ቀለም ይቅር? ማጓጓዙን ደንበኛው ይቻለው? እንዲህ የተቀነሰ ብር ከየት እንደወጣ ይታወቃል።

በቃል የተነገረ ዋጋ ሁለት ዋጋ ነው፤ ባለሙያው የተናገረውና ደንበኛው የሰማው። ስለዚህ በፕሮፎርማ ይጻፋል። ፕሮፎርማው ልኬቱን፣ ውፍረቱን፣ የቀለሙን ዓይነት፣ ማጓጓዝና ተከላ መካተት አለመካተታቸውን፣ የማስረከቢያውን ቀንና የቀብዱን መጠን ይይዛል። ተጨማሪ እሴት ታክስም አብሮ ይገለጻል፤ ታክሱ 15 በመቶ ነውና ያለ ቫት 100,000 ብር የተባለ በር ከነቫቱ 115,000 ብር ነው። ቀድሞ ያልተነገረው 15,000 ብር በርክክቡ ቀን ብቅ ሲል እንደ ዘመድ የሚቀበለው የለም።

ዋጋው የሚጸናበት ቀንም ይጻፋል። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ቱቦላሬ የሚያመርቱት በአብዛኛው ከውጭ ከመጣ ጥቅል ላሜራ ስለሆነ የብረት ዋጋ የዶላርን ዋጋ ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተጻፈና ቀን ያልተገደበበት ፕሮፎርማ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ሀብት፣ በባለሙያው ራስ ላይ ዕዳ ሆነ። ዋጋን ለማጽናት ከሁሉ የሚሻለው ብረቱን ለመግዛት የሚበቃ ቀብድ ተቀብሎ ብረቱን በዚያው ቀን መግዛት ነው፤ የተገዛ ብረት ዜና አይሰማም።

በመሥሪያ ቤት ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ የተለመደ ነው፤ ዓላማው ማወዳደር ነው። ሦስቱ የሚወዳደሩት ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲመልሱ ነው። አንዱ በ1.2፣ ሌላው በ2 ሚሊሜትር፣ ሦስተኛው ከነተከላው ዋጋ ከሰጡ ለውድድር የቀረቡት ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው። ሦስቱም በአንድ የእጅ ጽሑፍ ተጽፈው ሦስት ማኅተም የሚያርፍባቸው ጊዜም አለ። ይህ አሠራር ፍጥነት አለው፤ ትክክለኛነቱን የሚናገረው ኦዲተር ነው።

በመጨረሻ ቁራጩ ይቀራል። ደንበኛው ብረቱን ራሱ ገዝቶ የእጅ ዋጋ ብቻ ከከፈለ ቁራጩ የእርሱ ነው። በካሬ ከተዋዋለ ግን የገዛው በር ስለሆነ ቁራጩ የብየዳ ቤቱ ነው፤ ነገ የሌላ ሰው ማጠፊያ መያዣ ይሆናል። ይህም በፕሮፎርማው ላይ አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ አለበለዚያ 15 ኪሎ ቁራጭ የ118 ኪሎውን ስምምነት ያፈርሳል። በሩ ከተተከለ በኋላ የተገመተው ብረት፣ ቀንና ቀለም በእርግጥ ከወጣው ጋር ይመሳከርና ልዩነቱ በሦስተኛው ሠንጠረዥ ይመዘገባል፤ የሚቀጥለው ደንበኛ ዋጋ ከዚህ ይነሣል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚቀረው መበየድ ብቻ ነው።